ከዋናው ባንድ በፊት፦ የስምንት ወር ማስታወሻዬ

በአካባቢዬ ያልታወቁ ባንዶችን ፍለጋ የት እንደደረስኩ ለጠየቃችሁኝ፣ ይኸው። ደብተሬ ውስጥ አሁን 41 ባንዶች ተመዝግበዋል። ሁሉም በአካባቢዬ የሚጫወቱ፣ አብዛኞቹ ገና አልበም ያላወጡ የኢንዲ ሮክ (ያለ ትልልቅ አሳታሚ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ የሮክ) ባንዶች ናቸው። ስጀምር የማውቀው ሦስቱን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ስልኬ ላይ ነው ያጠፋሁት። የሙዚቃ መተግበሪያው ራሱ ያመጣልኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላመጣም። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። እነዚህ መተግበሪያዎች በአብዛኛው አድማጭን ከአድማጭ ያነጻጽራሉ፤ ይህን የወደደ ሰው ያንንም ሰምቷል እያሉ ይመርጡልናል። ትናንት የመጀመሪያ ዘፈኑን የለቀቀና ስልሳ ሰው ብቻ የሰማው ባንድ ግን ከምን ጋር ይነጻጸራል? ሰው ስላልሰማው አይታይም፤ ስለማይታይም ሰው አይሰማውም።

ባንድካምፕ ላይ ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ራሳቸው ጭነው የሚሸጡበት ድረ ገጽ ነው። ሲጭኑ ብዙዎቹ የሙዚቃውን ዓይነትና የከተማቸውን ስም መለያ አድርገው ያስገባሉ። የከተማችሁን ስም ፈልጉና በተወዳጅነት ሳይሆን በአዲስነት ደርድሩት። እኔ በአንድ ማታ ዘጠኝ የማላውቃቸው ባንዶች አገኘሁ። ከማርች 2020 ጀምሮ ደግሞ በተመረጡ አርቦች ባንድካምፕ ከሽያጩ የሚወስደውን የራሱን ድርሻ ይተዋል። ለመግዛት የምታስቡት ነገር ካለ ለነዚያ ቀናት አቆዩት፤ ለሙዚቀኛው ይጠቅመዋል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በር ሲከፈት መግባት ስጀምር ነው። ድሮ ዋናው ባንድ መድረክ ሊወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነበር የምደርሰው። አንድ ቀን ሰዓቱን ተሳስቼ በጣም ቀድሜ ደረስኩ። አሥራ አምስት የማንሞላ ሰዎች ፊት ሦስት ልጆች ይጫወቱ ነበር። ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር) የምትጫወተው ልጅ ናት የምትዘፍነው። ድምጿ ቀጭን ነው፣ ግን አይለማመጥም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ጊታሩና ከበሮው ሙሉ በሙሉ ዝም ሲሉ ቤዝና ድምፅ ብቻ ቀሩ፤ አዳራሹም ጸጥ አለ። ዋናውን ባንድ ያን ማታ ማን እንደሆነ ለማስታወስ ደብተሬን ማየት አለብኝ። እነዚያን ሦስቱን ግን አልረሳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ባንድ ሳይሆን ሰው መከተል ጀመርኩ። በተለይ ከበሮ መቺዎችን። ከበሮ ቦታ ይፈልጋል፣ ጎረቤት ይረብሻል፣ ስለዚህ ጊታር ከሚጫወተው ሰው ጋር ሲነጻጸር ከበሮ የሚመታው ጥቂት ነው። ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይፈልገዋል። ያን ማታ ያየኋት ከበሮ መቺ ሌሎች ሁለት ባንዶች ውስጥም እንደምትጫወት ደረስኩበት። ከሁለቱ አንዱ አሁን እጅግ ከምወዳቸው ስድስቱ ውስጥ ነው።

ሌላው ክር ቀረጻ ነው። ዘፈኑ ሥር በትንንሽ ፊደል የሚጻፈውን አንብቡ፦ ማን ቀረጸው፣ ማን ሚክስ አደረገው (የተቀዱትን ድምፆች ማን አመጣጥኖ አዋሃዳቸው)። ከ41ዱ ባንዶች ውስጥ አሥራ አንዱን የቀረጸው አንድ ሰው ነው፤ የሚሠራውም መኝታ ቤቱ ውስጥ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኒውዚላንድ ውስጥ ሮጀር ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1981 ፍላይንግ ነን የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ሲያቋቁም የደኒደን ከተማ ባንዶችን ከከተማቸው ውጪ የሚያውቃቸው ጥቂት ነበር። በ1982 ዘ ቺልስ፣ ዘ ቨርሌንስ፣ ስኒኪ ፊሊንግስና ዘ ስቶንስ የተባሉ አራት የከተማዋ ባንዶች በአንድ ሥራ ተሰብስበው ወጡ። የተቀረጹት በሙዚቀኛው ክሪስ ኖክስ ባለአራት ትራክ መቅጃ (አራት ድምፅ ለየብቻ በሚቀዳ ማሽን) ነበር። ያኔ እዚያ ብሆንና ያንን መቅጃ ብቻ ብከተል አራቱንም ባገኘኋቸው ነበር። ስለዚህ የመኝታ ቤቱን ሰውዬ አዲስ ሥራ በየሳምንቱ እፈትሻለሁ።

ስለመፍረድ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በአንድ ማታ ተነስታችሁ «አይረቡም» አትበሉ። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ከበሮውና የጊታሩ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) በራሳቸው ይጮኻሉ። ማይክ የግድ የሚያስፈልገው የዘፋኙ ድምፅ ነው፤ ማይኩ ከልክ በላይ ሲከፈት ደግሞ ስፒከሩ ያፏጫል። ስለዚህ ግጥሙ ይዋጣል። ሁለት ባንዶችን በዚህ ምክንያት ሰርዤ ነበር። ቀረጻቸውን ቤት ቁጭ ብዬ ስሰማ ግን ግጥማቸው የሚያሳሳ ሆኖ አገኘሁት። አሁን የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ምንም ሳልሰማ፣ አንድ ዜማ ትዝ ይለኛል? ትዝ ካለኝ እመለሳለሁ።

ጆሯችሁንም ጠብቁ፣ እባካችሁ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች የሚመክሩት ገደብ በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ስምንት ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። ድምፅ ማጉያው አጠገብ ስቆም ከርሜ ጆሮዬ ሁለት ቀን ሙሉ ጮኸብኝ። አሁን የጆሮ መሰኪያ ኪሴ ውስጥ አይጠፋም። ጥሩው ዓይነት ዜማውን ሳያበላሽ ድምፁን ይቀንሳል።

ሙዚቀኞቹን ማናገር መጀመሪያ ይከብደኝ ነበር። አንዱን ጊታሪስት ገና ገመዱን እየጠቀለለ ሳለ ሄጄ ያዝኩት። ቀጣዩ ባንድ መድረኩን እየጠበቀ ነበርና መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አልነበረውም። አሁን ዕቃቸውን አውርደው እስኪጨርሱ እታገሣለሁ። የምጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው፦ «አሁን እናንተ ማንን ነው የምትሰሙት?» ከጓደኞቻቸው ባንድ ቢያንስ አንዱን ይጠሩልኛል። ዴሞ (ለሙከራ የተቀዳ ሥራ) ካላቸው እወስዳለሁ፣ ለጓደኛም አካፍላለሁ። የእንግሊዙ ባንድ አርክቲክ መንኪስ እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያ አልበማቸውን ከማውጣታቸው በፊት በየመድረኩ ዴሞ ሲዲ በነጻ ያድሉ ነበር። ኢንተርኔት ላይ እየተቀባበሉ ያሰራጩላቸው አድማጮቻቸው ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ያችን ከበሮ መቺ ይህንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት። ሳቀችና አራተኛ ባንድ እየጀመረች እንደሆነ ነገረችኝ። ሁለት ዘፈን አላቸው፣ ስም ግን ገና የላቸውም። የመጀመሪያ መድረካቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከአራት ባንዶች መጀመሪያ የሚወጡትም እነሱ ናቸው። ደብተሬ ላይ 42 ቁጥር ጽፌ፣ የስሙን ቦታ ባዶ ትቼ፣ ቀኑንና በር የሚከፈትበትን ሰዓት አስፍሬያለሁ።