ከከሰል ምድጃ የተረፉ ወረቀቶች

በእኛ ቤት ጠርሙሱና ቆርቆሮው ለቆራሌው ይሸጣል፤ ወረቀት የሆነ ነገር ሁሉ ግን ከምድጃው አጠገብ ባለች አሮጌ ቅርጫት ውስጥ ተከማችቶ የቡና ከሰል ማያያዣ ይሆናል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እናቴ ምድጃውን ከማውጣቷ በፊት ያችን ቅርጫት የምበረብረው እኔ ነኝ። የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ ዕጣው የወጣ ሎተሪ፣ ጫፉ የተቀደደ ካኪ ፖስታ፣ የመድኃኒት መግለጫ፣ አንዳንዴም የቀላል ባቡር ትኬት ይገኝባታል፤ እነዚህን እየለቀምኩ በእጄ በሰፋሁት ደብተር ላይ እለጥፋለሁ፣ በአጠገባቸውም የዕለቱን ነገር እጽፋለሁ። ፈረንጆቹ ይህን ሥራ ጀንክ ጆርናል ይሉታል፤ እኔ «የኮተት ደብተር» እለዋለሁ።

አጀማመሩን ለማወቅ ቪዲዮ በማይበት ሰሞን አንድ ነገር ግራ አጋብቶኝ ነበር። ብዙዎቹ በጠረጴዛቸው ላይ የሚደረድሩት የተገዛ ማኅተም፣ የተገዛ ዳንቴል፣ አሮጌ እንዲመስል ተደርጎ በአዲስ ማሽን የታተመ የአበባ ሥዕል ነው። እኔም እነርሱን ለመምሰል ከኢንተርኔት ያወረድኳቸውን የአውሮፓ ፖስታ ካርዶች በቀለም አሳትሜ ሦስት ገጽ ሞላሁ። ገጾቹ ያምሩ ነበር፤ ከወር በኋላ ስገልጣቸው ግን ስለ እኔም ሆነ ስለዚያ ወር የሚነግሩኝ አንዳች ነገር አጣሁባቸው። ኮተት በገንዘብ መግዛት ለእኔ ትርጉም ስለሌለው ከዚያ በኋላ በቤታችን ያላለፈ ወረቀት ላለመለጠፍ ወሰንኩ።

የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ መሳቢያ አይሞላም፦ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ወፍራም መርፌ፣ ጠንካራ ክርና ወስፌ። ወስፌው አያቴ ሰፌድ ትሰፋበት የነበረ ሲሆን፣ ወረቀት ለመብሳት ከእርሱ የተሻለ መሣሪያ እስካሁን አላገኘሁም። ለገጾቹ በአንድ ወገን ብቻ የታተመባቸውን የኤ4 ወረቀቶች እጠቀማለሁ፤ የታተመበት ወገን ኋላ ላይ በሚለጠፈው ነገር ይሸፈናል። 5 ወረቀት ደራርቤ መሐል ለመሐል ሳጥፈው 20 ገጽ ያለው አንድ ጥራዝ ይወጣል፤ ለጀማሪ ይህ ይበቃል፣ እንዲያውም ወፍራም ደብተር የሚጀምር ሰው ባዶ ገጾቹን እያየ ተስፋ የሚቆርጥ ይመስለኛል።

በእጥፋቱ ላይ ሦስት ቦታ እበሳለሁ፤ አንዱን ልክ መሐሉ ላይ፣ ሁለቱን ከላይኛውና ከታችኛው ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ አድርጌ። ከዚያም 55 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክር ቆርጬ በጧፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ እጎትተዋለሁ፤ ሰሙ ክሩ እንዳይወሳሰብና ቶሎ እንዳይበላ ይረዳል። መርፌውን ከውስጥ በመሐለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ አወጣለሁ፤ በላይኛው ወደ ውስጥ እመልሳለሁ፤ መሐለኛውን ዘልዬ በታችኛው ወደ ውጭ ካወጣሁ በኋላ በመሐለኛው ተመልሼ እገባለሁ፤ በመጨረሻም አንዱን የክር ጫፍ ከላይኛው እስከ ታችኛው ቀዳዳ በውስጥ በተዘረጋው ረጅም ክር ግራ፣ ሌላውን በቀኙ አድርጌ አጥብቄ እቋጥራቸዋለሁ። ክሩን ማጥበቅ ሲያስፈልግ በእጥፋቱ አቅጣጫ እንጂ ወደ ራስ መሳብ አይገባም፤ እኔ ወደ ራሴ ስቤ የመጀመሪያውን ጥራዝ ከቀዳዳው እስከ ቀዳዳው ቀድጄዋለሁ። የአገራችን የብራና ጠራዦች ብዙ ጥራዞችን ያለ ማጣበቂያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ቀዳዳ፣ በሰንሰለት ስፌት አያይዘው ከእንጨት ገበታ ጋር እንደሚሰፏቸው ሳስብ በእኔ ሥራ እስቃለሁ፤ «ጥራዝ ነጠቅ» የሚለው ስድብም ለእኔ የተፈጠረ ይመስለኛል።

ለሽፋኑ የሻይ ቅጠል ካርቶን ይሆናል። ጀርባውን ከተበጣጠሰ ነጠላ በተረፈ የጥለት ቁራጭ አለብሰዋለሁ።

ማጣበቂያን በተመለከተ የሱቅ ኮላ የሚከለከል ባይሆንም እኔ የምወደው ቤት የሚሠራውን ነው፤ ግድግዳው በጋዜጣ በተለበጠ ቤት ያደገ ሰውም ሳያውቀው አይቀርም። አንድ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ እበጠብጣለሁ፤ በሙቅ ውሃ ከተጀመረ ይጓጉላል። በዝግተኛ እሳት እያማሰልኩ እንደ አጥሚት ሲወፍር አወርደዋለሁ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስስ አድርጌ እቀባለሁ። በፍሪጅ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ መሽተት ከጀመረ መድፋት ነው። ዋናው ችግሩ እርጥበቱ ወረቀቱን ማጣመሙ ነው፤ ስለዚህ በገጾቹ መካከል ፌስታል አስገብቼ፣ በላዩ ላይ ከባድ መጽሐፍ ጭኜ አሳድረዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ የተዘጋ ደብተር ይሻግታል፣ የዱቄቱ ሽታ ደግሞ በረሮ ይጠራል፤ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

በችኮላ የሠራሁት ስሕተት ግን ከሻጋታውም ይብሳል። ታናሽ እህቴ ወደ ዱባይ ከመሄዷ በፊት አብረን ምሳ የበላንበትን ደረሰኝ ለጥፌ ገጹ ሲጣመምብኝ፣ እስኪደርቅ መታገሥ አቅቶኝ በካውያ ተኮስኩት። ካውያው እንዳረፈ ደረሰኙ በሙሉ ጥቁር ሆነ። ለካ በማሽን የሚወጣው ይህ ዓይነቱ ደረሰኝ በቀለም የሚታተም አይደለም፤ ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ነው፤ ባይተኮስም እንኳ ጽሑፉ በጊዜ ብዛት እየደበዘዘ ይጠፋል። አሁን ደረሰኝ ከመለጠፌ በፊት ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ቅጂውን እለጥፋለሁ፤ ዋናውን ከጀርባው በተለጠፈ ፖስታ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

የተቃጠለውን አላነሣሁትም። በአጠገቡ በእርሳስ «አንድ ክትፎ፣ አንድ ሽሮ፣ ሁለት አምቦ ውሃ» ብዬ ከትዝታዬ ጻፍኩ። በኋላ እህቴ ስትደውል ባነብላት ክትፎ ሳይሆን ጥብስ ነበር ብላ ድርቅ አለችብኝ፤ እኔም የጻፍኩትን ሳልሰርዝ ከሥሩ «እርሷ ግን ጥብስ ነው ትላለች» የሚል ጨመርኩበት።