በርሜሉ ውሃ ጠጥቷል

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣ ቃሊቲ አካባቢ አንድ የስፖንጅ ፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነበርኩ። ወሩ ሐምሌ ነው። ጣራው ሌሊቱን ሲያፈስ አድሯል። ጠዋት ስገባ አንድ የተጋመሰ የቲዲአይ በርሜል አፉን ከፍቶ ከሚንጠባጠበው ሥር ቆሟል። ቲዲአይ ፍራሹ የሚሠራበት፣ አይሶሳያኔት ከሚባሉት ወገን የሆነ፣ ትነቱ ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል ነው። የቀን ሠራተኛውን «ግጥም አድርገህ ዝጋው» አልኩት። ኮራሁም።

አራት ሰዓት ገደማ የስቶሩ ኃላፊ መጡ። ሽማግሌ ናቸው።

«ማነው ይሄን የዘጋው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ውሃ ጠጥቷል እኮ! ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!»

ጠፍጣፋው አናቱ እንደ አክንባሎ ጎብጧል። ጭንብል አጥልቀው፣ ወደ ጎን ሸሽተው፣ መፍቻውን በጥቂት በጥቂቱ አዞሩት። ፉጨቱ እኛ እስካለንበት ደጅ ተሰማ።

ያሳፈረኝ ምን መሰላችሁ? ይሄንኑ የውሃና የአይሶሳያኔት ሪአክሽን ፈተና ላይ የኤሌክትሮኑን ጉዞ የሚያሳየውን ቀስት አሳምሬ ስዬ «ኤ» አምጥቼበታለሁ። የአይሶሳያኔቱ ካርቦን በናይትሮጅንና በኦክስጅን መሃል ነው። ከሁለት ሆዳሞች ጋር አንድ ትሪ የቀረበ ልጅ በሉት። ሁለቱም ኤሌክትሮኑን ወደየራሳቸው ስበው እሱን ያስርቡታል። ኤሌክትሮፋይል ማለት ይሄ የራበው ነው። የውሃው ኦክስጅን ደግሞ ለማንም ያላካፈላቸው ሁለት ጥንድ ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ኒውክሊዮፋይል፣ ማለትም ለተራበው የሚያካፍል ነው። አንዱን ጥንድ ይዞ ካርቦኑ ላይ ያርፋል። የተፈጠረው ነገር አይጸናም፤ ይፈርስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የሚቀረው አሚን ከውሃውም የባሰ ኒውክሊዮፋይል ስለሆነ ሌላ አይሶሳያኔት ላይ ይዘምታል። 18 ግራም ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ፣ ከ20 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል።

ጠዋት ምንም ያልታየኝ ሪአክሽኑ አዝጋሚ ስለሆነ ነው። ቲዲአይ ከውሃ ይከብዳል፤ ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ ቀስ እያለ ይበላዋል።

እ.ኤ.አ. በ1984 ሕንድ፣ ቦፓል ውስጥ ሺዎችን የፈጀው አደጋም የዚሁ ዘር የሆነ ኬሚካል ታንክ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው። እሱንም ተምሬዋለሁ። ይባስ ብሎ ፍራሻችንን እንደ ሊጥ ኩፍ የሚያደርገው ያው ጋዝ ነው! በየቀኑ ውሃውን በሚዛን ለክቼ የማስጨምረው ደግሞ እኔ። ልዩነቱ ፍራሹ ክዳን የለውም።

«ይሄን ትምህርት ቤት አያስተምሯችሁም?» አሉኝ ጭንብሉን እያወለቁ።

«ያስተምራሉ ጋሼ።»

መልስ አልሰጡኝም። ጠመኔ ፈልገው በርሜሉ ላይ «አይዘጋ» ብለው ጻፉበት።