ሰባት ቀን በሃምሳዎቹ

ቡና ላይ «በየትኛው ዘመን ብትኖር ትወድ ነበር?» የሚል ጨዋታ ሲነሳ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ በእኛ አቆጣጠር በሃምሳዎቹ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ማስረጃዬም በእጄ ነበር። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953፣ ፖሊቴክኒኩ በ1955፣ የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ሥራ ጀመሩ። ከተማዋ ዓይናችን እያየ የምታድግበት ዘመን! እህቴ አንድ ቀን ሰልችቷት «ከምታወራው ለምን አትኖረውም?» አለችኝ።

ከዓመት ፈቃዴ ሰባት ቀን ወሰድኩ። ስልኬን ለእህቴ አስረክቤ በግቢያችን ጥግ ወዳለችው ባዶ ክፍል ገባሁ። ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ባጃጅና ፕላስቲክ ክልክል ናቸው። መጓጓዣዬ ከጓደኛዬ የተዋስኩት ብስክሌት ነው፤ ለጥ ባለችው ባሕር ዳር ይህ ቅጣት አይባልም።

ያልጠበቅኩት ችግር ገና በዋዜማው መጣ። የትኞቹ ሃምሳዎች? ከጢስ ዓባይ በፊት ያሉት ወይስ በኋላ ያሉት? አራቱን ቀን ለኩራዝ፣ ሦስቱን ለአንድ አምፖል መደብኩ። እንዲህ ያለ ሙከራ የሚያስብ ሰው አስር ዓመቱን በጅምላ አይውሰድ፤ ዓመቱን ቆርጦ ይነሳ። በኩራዝ ሁለት ገጽ ሳነብ ዓይኔ አለቀሰ፤ ጠዋት አፍንጫዬን ስጠርግ መሐረቤ ጠቆረ።

በሁለተኛው ቀን ከሐይቁ ዳር አምባዛ ገዛሁ። ግማሹን ጠብሼ በላሁ፣ ግማሹን ለእራት ሸፍኜ አስቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ሽታው ከደጅ ተቀበለኝ። አያቴ «ማን አስቀምጥ አለህ? ዘልዝለህ አትሰቅለውም ነበር?» ብላ ሳቀችብኝ።

ዋናው ትምህርት የመጣው ግን ከውኃው ነው። ጄሪካን ስለከለከልኩ አያቴ ለጌጥ ያስቀመጠቻትን እንስራ ተዋስኩ። ከግቢው ቧንቧ እስከ ክፍሌ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በጀርባዬ አዝዬ ስሄድ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየኝ፤ ሸሚዜም ራሰ። ዘጌ ያደገችው አያቴ በሩ ላይ ተቀምጣ «እኔ በአሥር ዓመቴ ከሐይቁ ዳገት አወጣው ነበር» አለች። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም፤ የምጠይቃት ስለ ደንገል ታንኳው ነበር። ታንኳው ላይ የተጫነውን ማገዶ ማን እንደለቀመው አስቤ አላውቅም። እህቴን ደግሞ እህል በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት እንድታሳየኝ ስለምናት «አንተ ሃምሳዎቹን ኑር፤ እኔን አትጨምረኝ» ብላ በሩን ዘጋች።

ለካ እኔ የመረጥኩት ደመወዝተኛ፣ ባለብስክሌት ወንድ መሆንን ነው።

ይህንኑ በፋብሪካው በፈረቃ ሠርተው ጡረታ ለወጡ ጎረቤታችን ነገርኳቸው። የወጣትነታቸውን ብስክሌት ሲያነሱ ፊታቸው ይበራል፤ የማታ ፈረቃ ሲለቀቅ መንገዱን ይሞላው የነበረውን የደወል ድምፅ በአፋቸው አሰሙኝ። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይመለሱ ነበር?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እኔ ከተማ ደመወዝ ስቆጥር ወንድሜ ገጠር ነበር» አሉ። በ1960 የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር የተነሳ ሲያምፅ ወንድማቸው የትኛው ወገን እንደነበረ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከእሳቸው የተማርኩት አጠያየቅ ነው፦ «እንዴት ነበር?» ሲባሉ ብስክሌቱን ነገሩኝ፤ «ይመለሱ ነበር?» ስላቸው ወንድማቸውን።

አምፖሉ የበራበት አምስተኛው ቀን ማታ፣ አልዋሽም፣ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ በኩራዝ የጀመርኩትን ደብዳቤ በአምፖል ጨረስኩት። ፖስታ ቤት ያስገባሁት ደብዳቤ ሲደርሰው ሳምንቱ አልቆ ስለነበር መልሱን በስልክ ነገረኝ።

በሰባተኛው ቀን ምሽት አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ መብራቱ በርቶ አላየችውም ነበርና ዛሬ ውሰደኝ አለች። በብስክሌት ላፈናጥጣት አልችል፤ ባጃጅ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ክልክል ነው። ሕጉን አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና እህቴን ጠርታ ባጃጅ አስቆመች።

«አንተ በብስክሌትህ ተከተለን» አለችኝ፣ እየገባች።