አምስት ጨዋታ በስድስት ቀን

በቴኔሲ ግዛት ከአሜሪካን ፉትቦል ወዳጅ ጋር ትንሽ የተቀመጠ ሰው የሲዋኒ ዩኒቨርሲቲን ቡድን የድሮ ታሪክ ሳይሰማ አይነሣም። እኔ የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ፣ የጉዞ ውል ሊዋዋል ከመጣ ደንበኛ ነው።

ናሽቪል ውስጥ በአንድ የኪራይ አውቶቡስ ድርጅት በስምሪት ክፍል እሠራለሁ። የትኛው ሾፌር፣ በየትኛው አውቶቡስ፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደሚሄድ የምመድበው እኔ ነኝ። ደንበኛው የአንድ አነስተኛ ኮሌጅ የቤዝቦል አሠልጣኝ ነበር። ቡድኑ ወደ አላባማ፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ወርዶ በስድስት ቀን አምስት ጨዋታ እንዲያደርግ አቅዷል። አንዱ ጨዋታ ሲያልቅ ሌሊቱን ይጓዛሉ፣ ጠዋት ይደርሳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይጫወታሉ። ለዚህ ሁሉ የጠየቀው አንድ አውቶቡስና አንድ ሾፌር ብቻ ነው፤ በጀቱ ከዚያ በላይ አይፈቅድም።

የአሜሪካ ሕግ የመንገደኞች አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ስምንት ሰዓት በተከታታይ ካረፈ በኋላ ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ይህንኑ ነገርሁት። እርሱም ፈገግ ብሎ «የሲዋኒ ልጆች በ1899 በስድስት ቀን አምስት ቡድን ደብድበው ተመልሰዋል። ያረፉት በሰባተኛው ቀን ነው» አለኝ። በዚህ አካባቢ የታወቀ አባባል ነው።

በዚያው ቅጽበት ቁልፍ ሊያስረክቡ የገቡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ኢትዮጵያዊ ሾፌር ነበሩ። ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝና አስረዳኋቸው። «ልጄ፣ እኔ በአሰብ መንገድ ስመላለስ እንኳ ከጎኔ ረዳት ነበረኝ። እንቅልፍ ጀግና አያውቅም። ብቻዬን አልሄድም» አሉና ቁልፉን ሰጥተውኝ ወጡ።

አሠልጣኙን ለሁለት ቀን ቀጠርሁትና የጠቀሰልኝን ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። ቡድኑ በቅርባችን ካለው ከከምበርላንድ አምባ የመጣ ነው። እዚያ ላይ የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን በ1857 ያቋቋመችው፣ ሲዋኒ በሚል ስም የሚታወቅ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1899 (እ.ኤ.አ.) ቡድኑ 12 ጨዋታ አድርጎ 12ቱንም አሸነፈ። 322 ነጥብ ሲያስቆጥር የተቆጠረበት 10 ብቻ ነው፤ ያንንም ያስቆጠረው ጆን ሃይዝማን የሚባል አሠልጣኝ ያሠለጥነው የነበረው የአላባማው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ጨዋታው 11 ለ 10 አለቀ።

የተወራለት ጉዞ በኖቬምበር 9 ተጀመረ። ኦስቲን ላይ የቴክሳስን ዩኒቨርሲቲ 12 ለ 0፣ በማግስቱ ሂውስተን ላይ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 10 ለ 0፣ በሦስተኛው ቀን ኒው ኦርሊንስ ላይ ቱሌንን 23 ለ 0፣ ከዚያ ባተን ሩዥ ላይ የሉዊዚያናን ግዛት ዩኒቨርሲቲ 34 ለ 0፣ በመጨረሻም ኖቬምበር 14 ቀን ሜምፊስ ላይ የሚሲሲፒን ዩኒቨርሲቲ 12 ለ 0 ረቱ። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በባቡር ተጉዘው 91 ነጥብ ሲያገቡ አንድም አልገባባቸውም። በዚያ ዘመን ኳስ ወደ ፊት መወርወር ገና አልተፈቀደም፤ ጨዋታው ከሞላ ጎደል ግፊያና ትግል ነበር። የሚያጠቃውም የሚከላከለውም ያው ተጫዋች ነው። አምበሉ ሄንሪ ሳይብልስ በቴክሳሱ ጨዋታ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ እንኳ ከሜዳ አልወጣም።

አሠልጣኙ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እኔን ግን፣ ሥራዬም ስለሆነ ይሆናል፣ ይበልጥ የሳበኝ የቡድን መሪው ነው። ሉክ ሊ ይባላል፤ ያን ጊዜ የ20 ዓመት ተማሪ ነበር። ከናሽቪሉ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመግቢያ ገቢ ክፍፍል ተጣልተው ያ ጨዋታ ቀረ፣ የቡድኑም ካዝና ጎደለ። ሊ ያን ገንዘብ ለመተካት ሲል አምስቱን ጨዋታ በአንድ ጉዞ ደረደራቸው። ስለዚህ ያ ሁሉ ጀብዱ የተወለደው እኔ ጠረጴዛ ላይ ከቀረበው ጋር ከሚመሳሰል የበጀት ችግር ነው። ሊ ግን ስንቅና ትጥቁን አሰናድቶ ነው የተነሣው። ልጆቹ ሌሊቱን ጋደም ብለው የሚያድሩበት የመኝታ ፉርጎ ተከራየ። የማያውቁት ውኃ ሆዳቸውን እንዳያውከው ከሲዋኒ ምንጭ የተቀዳ ሁለት በርሜል ውኃ አስጫነ። ጉዞው ሲጀመር የመጫወቻ ጫማዎቹ ወደ ኋላ ቀርተው እንደነበርም ይነገራል። ሊ ወዲያው ቴሌግራም አስመትቶ በሚቀጥለው ባቡር አስመጣቸው፤ ኦስቲን ላይ በባዶ እግሩ የተሰለፈ የለም።

ካል በሮውስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊም አብሯቸው ተጉዟል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የልጆቹን ሰውነት እያሸ ለማግስቱ የሚያበቃቸው እርሱ ነበር። ነጭ ከጥቁር ጋር አንድ ማዕድ እንዳይቀርብ በተከለከለበት ደቡብ፣ የነጭ ልጆች ድል በዚህ ሰው እጅ ላይ ተደግፎ እንደነበር ሳነብ ረጅም ጊዜ አሰብሁ። ታሪኩን ከሚተርኩልኝ መካከል ስሙን የሚያነሣልኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን አወጣሁ። ኖቬምበር 9 ቀን 1899 ሐሙስ ነው። ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ተጫወቱ፤ ከዚያ ሰኞና ማክሰኞ። እሑድ የለም! የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጆች ናቸውና ሰንበትን አረፉ። ዕረፍታቸው በሰባተኛው ቀን ሳይሆን በአራተኛው፣ በጉዞው እኩሌታ ላይ ነበረ።

አሠልጣኙ በቀጠሮው ሲመጣ የአምስቱን ጨዋታ ቀኖች በወረቀት ጽፌ ከፊቱ አስቀመጥሁለት። ውጤቱን ሳያየው ደረደረልኝ፤ እሑዱ ላይ ሲደርስ ግን ቆም አለ። «ይህንን አላስተዋልሁም ነበር» አለ። እኔም የባቡሩን ነጂዎች አነሣሁለት፤ በዚያ ዘመንም ቢሆን አንድ ሠራተኛ ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን አይነዳም፣ በየክፍሉ ይቀያየራሉ። የፉልባኩን (ከኋላ ተነሥቶ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ተጫዋች) የኦርመንድ ሲምኪንስን ነገርም አልሸሸግሁትም። በፉትቦል በደረሰበት የጉልበት ጉዳት ምክንያት ኋላ ላይ ሁለቱንም እግሮቹን ተቆርጧል። ደብዳቢዎቹ ጀግኖች ዋጋ እንደከፈሉ ሰው ሁሉ ሊያውቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ለተጫዋቾቹ ኃላፊ የሆነ አሠልጣኝ ደግሞ ከሁሉ በፊት።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ተስማማን። አንደኛው፣ ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን እንዲያርፉ ነው። ሁለተኛው ሾፌር ደግሞ በመንገድ ላይ ባለች ከተማ ጠብቆ ለሌሊቱ ጉዞ መሪውን ይረከባል። የወጪውን ልዩነት አለቃዬ ከኮሌጁ ጋር ለመካፈል ፈቀደ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ጋሼም «እንዲህ ከሆነ እሄዳለሁ» ብለው ቁልፉን ወሰዱ። ከመነሣታቸው በፊት አሠልጣኙ ራሱ ወደ ዕቃ መጫኛው ጎንበስ ብሎ የጫማ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ሲቆጥር አየሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ውሉን ሊያድስ ሲመጣ የዕረፍቱን ቀን ራሱ ጽፎበት ነበር። ሁለተኛውን ሾፌር ግን ትቶታል። እንደገና ተቀመጥንና እንደገና ተከራከርሁ፤ ጨመረው።