«ሁሉንም ተካ»

ጅማ መርካቶ አካባቢ በምትገኝ አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ፎቶ ጠፋብን ብለው የሚመጡ ደንበኞች ብዙውን ጊዜ የሚያማርሩት በዕቃው ነው፤ ፍላሹ ተበላሸ፣ መብራቱ ሄድ መጣ እያለ ዲስኩን ገደለው፣ ቫይረስ በላው ይላሉ። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኔ እንዳየሁት ግን ፎቶን እንደ ጽዳት የሚፈጅ ነገር የለም። ሰው ለዓመታት ዝም ብሎ ያጠራቀመውን አንድ ቀን ተነሥቶ «እስቲ መልክ ላስይዘው» ያለ ዕለት ነው ጉድ የሚፈላው።

ባለፈው ክረምት ወደ ሱቃችን የመጡት ሐጂ የቡና ነጋዴ ናቸው። አንድ ወፍራም ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልን፤ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ገመዱ በላስቲክ የታሰረ የውጭ ሃርድ ዲስክ፣ ሁለት ፍላሽና በወረቀት የተጠቀለሉ ሚሞሪ ካርዶች። ከኋላቸው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ የእኅታቸው ልጅ ነው። ለዕረፍት እርሳቸው ዘንድ ሰንብቶ ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ብሎ የቤቱን ፎቶ በሙሉ ወደ አንድ ሃርድ ዲስክ ሊሰበስብላቸው ተነሥቶ ነበር። ሲጨርስ የሐጂ ባለቤት ሐጃ የልጃቸውን ሠርግ አምጣልኝ አሉት፤ ከፈተ፤ ከሠርጉ የተገኘው ጥቂት ፎቶ ብቻ ነበር።

ባልደረባዬ ልጁን ልትጠይቀው ስትጀምር ሐጂ ቀደሙ። «ልጁ የሠራው ለእኔ ብሎ ነው። እናንተ ፎቶውን ፈልጉልኝ፤ እርሱን ለእኔ ተዉት።»

ነገሩን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልወሰደብንም። ዲጂታል ካሜራዎች ለፋይሎቻቸው ስም የሚሰጡት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ በሚሠራበት አንድ ደንብ መሠረት ነው፤ አራት ፊደል፣ ከዚያ አራት አኃዝ። አኃዙ ከ0001 ተነሥቶ 9999 ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ካርዱ ሲቀየር ቁጥሩን እንደ አዲስ ከአንድ የሚጀምር ካሜራም አለ። ስለዚህ በሐጂ ቤት የሠርጉ ፎቶና ከዓመታት በኋላ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሄደው የተነሡት ፎቶ አንድ ዓይነት ስም ይዘው በሁለት ካርድ ላይ ተቀምጠዋል። ተለያይተው እስከተቀመጡ ድረስ ምንም ችግር የለም። አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገናኙ ግን ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም የተቀመጠ ፋይል አለ፤ ልተካው ወይስ ልለፈው?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው ተመሳሳይ ስም ሲያይ ተመሳሳይ ፎቶ መሰለው። ድግግሞሽ እያጠፋ እንደሆነ አምኖ «ሁሉንም ተካ» የምትለዋን ተጫነ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ካርዶቹን እንደገና ከፍቶ መገልበጥ ይበቃ ነበር። ልጁ ግን የሚሠራው ኮፒ እያደረገ ሳይሆን ቆርጦ እያዛወረ ነበር፤ የተዛወረው ፋይል ደግሞ ከካርዱ ይጠፋል። በዚያ ላይ «ባዶ ካርድ ምን ያደርጋል» ብሎ ካርዶቹን ፎርማት አድርጓቸዋል። ትጉህ ሰው ነው፤ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ሐጂ ወደ እኛ ባልመጡም ነበር።

ደግነቱ ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው። የመጽሐፍን ማውጫ ቀድዶ ጥሎ ገጾቹን እንዳሉ እንደመተው ነው፤ ገጾቹ የሚጠፉት ሌላ ነገር ሲጻፍባቸው ነው። ስለዚህ ለተማሪው ያቀረብንለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየትኛው ካርድ ላይ ምን ተጻፈ? የሠርጉ ካርድ በወረቀት እንደተጠቀለለ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሌላው ስልክ ውስጥ ገብቶ ለጥቂት ቀናት አገልግሏል። ሦስተኛው የሐጂ መኪና ላይ ባለችው ካሜራ ውስጥ ገብቶ የጅማን መንገድ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀዳ ከርሟል። የሦስተኛውን ስሰማ ተስፋ ቆረጥሁ፤ የመኪና ካሜራ ካርዱን ዳር እስከ ዳር ሞልቶ እንደገና ከመጀመሪያው የሚጽፍ ዕቃ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ምንም አለመጻፍ ነው። የካርዶቹን መቆለፊያ ወደ ታች አወረድን፤ የእያንዳንዱን ካርድ ሙሉ ምስል፣ ማለት ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ እንዳለ የያዘ ቅጂ፣ በላፕቶፕ ወደ ራሳችን ዲስክ ገለበጥን። ላፕቶፕ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መብራት ቢሄድ ባትሪው ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ የሠራነው በምስሎቹ ላይ እንጂ በካርዶቹ ላይ አይደለም። ለፍለጋው የተጠቀምንበት ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ማውጫውን ትቶ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ የፎቶ ፋይል የሚጀምርበትን ምልክት ያስሳል። የሠርጉ ካርድ ያለ ምንም ጉድለት ተገኘ። ከስልኩ ካርድ አብዛኛው ወጣ፤ ከፊሉ ከላይ ፊት፣ ከታች ግራጫ ሆኖ። ከመኪናው ካሜራ ካርድ ያገኘነው የአዌቱን ድልድይና የባጃጆችን ጀርባ ነው።

ሐጃ የልጃቸውን ሠርግ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያዩ እልል አሉ። እኛ ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበርን። ፎቶሬክ ፎቶውን እንጂ ስሙንና የነበረበትን ፎልደር አይመልስም፤ የወጣው ሁሉ በቁጥር ብቻ የተሰየመ ክምር ነው። ይህን ክምር ሊያስተካክል የሚችለው እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የሚቀመጠው መረጃ ነው፤ ጃፓኖች በአውሮፓውያኑ 1995 ባወጡት ኤግዚፍ በሚባለው ሥርዓት ካሜራው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የራሱን ዓይነት ፎቶው ውስጥ ይጽፋል። ከፈትነው። ሠርጉ በ2010 ፌብሩዋሪ 3 እንደተደረገ ይናገራል፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2002 መሆኑ ነው። ሐጃ ሳቁ። «ያን ጊዜ እኮ ልጅቷ ተማሪ ናት!»

ካሜራው አልዋሸም፤ ባትሪው ተሟጦ ሰዓቱ ወደ 2010 ጃንዋሪ 1 ተመልሶ፣ ማንም ሳያስተካክለው ከዚያ ተነሥቶ መቁጠር ቀጥሏል። እንዲህ ያለው ስሕተት ከሌላው የሚሻልበት ምክንያት አለው። ቀኑ የተሳሳተ ቢሆንም የፎቶዎቹ ቅደም ተከተልና በመካከላቸው ያለው ርቀት ትክክል ነው። የአንዱን ፎቶ እውነተኛ ቀን ካወቅህ ልዩነቱን አስልተህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማዛወር ትችላለህ። ኤግዚፍቱል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል።

ያንን አንድ ፎቶ የሠርጉ ዕለት የተነሡት መካከል አገኘነው፤ አንድ ሰው የጥሪ ካርዱን ከአበባ ጋር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንሥቶታል። «ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም.» ይላል። ባልደረባዬ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ስለሆነ ጥር 15 ጃንዋሪ 23 ነው ብላ ልዩነቱን 2,180 ቀን አወጣች። ፎቶዎቹን አዛውረን ስናሳይ ሐጃ የኮምፒውተሩን ቀን መቁጠሪያ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቅዳሜ ነው የሚለው። ሠርጉ እሑድ ነበር፤ ቅዳሜማ በሬው ታርዶ ሌሊቱን ሙሉ ስንሠራ አደርን።»

ትክክል ነበሩ። 2007 ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ነው። በእንዲህ ያለው ዓመት ማግስት አዲስ ዓመት የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ ያቺ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ትዘልቃለች። የ2008 ጥምቀት ጃንዋሪ 20፣ ሠርጉም እሑድ ጃንዋሪ 24 ቀን 2016 ነበር። ልዩነቱ 2,181 ቀን ሆነ። ሰዓቱን ደግሞ ከሳሎኑ ግድግዳ አነበብነው፤ ምሳ ሲበላ በተነሣ ፎቶ ላይ የግድግዳው ሰዓት ሰባት ከሃያ ይላል፤ ለኮምፒውተሩ 13:20 መሆኑ ነው። በዚህ ዓይነት አንድ የጥሪ ካርድና አንድ የግድግዳ ሰዓት የዚያን ካሜራ ፎቶዎች በሙሉ ወደ ቦታቸው መለሱ።

ምንም ቀን የሌላቸውም ነበሩ። በቴሌግራም የተላኩ ፎቶዎች እንደ ፋይል ካልተላኩ በስተቀር መጠናቸው ይቀንሳል፤ ውስጣቸው የነበረው መረጃም አብሮ ይራገፋል። እነዚህን ማንም ፕሮግራም አይለያቸውም፤ የለዩልን ሐጃ ናቸው። ወንበር ስበው ከባልደረባዬ አጠገብ ተቀመጡና የሰዎቹን ፊት ሳይሆን ከኋላ ያለውን ቡና ማየት ጀመሩ። ቅርንጫፉ ነጭ በነጭ ከሆነ የበጋው ደረቅ ወቅት አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ሰሞን ነው፤ የቡና አበባ ደግሞ ጥቂት ቀን ታይቶ ይረግፋል። ቀይ እሸት የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ዓመቱን ከግቢው አጥር ያውቁታል፤ ቆርቆሮ ከሆነ ከሠርጉ በፊት፣ ብሎኬት ከሆነ ከሠርጉ በኋላ። አንዷን ፎቶ ቡናው አበባም ፍሬም ስላልነበረው ሊለዩአት አልቻሉም፤ ቆይተው በአንዲት ልጅ ጥርስ መነቀል ለይተዋታል። እኔ እንዲህ ያለ መዝገብ የትም አላየሁም።

መልክ ማስያዙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከዚያም በፊት ሁለተኛ ዲስክ እንዲገዛ አደረግን። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ ሁለተኛ ቅጂ የሌለውን ፎቶ አላደራጅም። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስለመደው ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ «ለቡናዬ እንኳ ይህን ያህል መጋዘን የለኝም» አሉ። ጉግል ላይ የሚቀመጠውን አነሣንላቸው፤ ነገር ግን በነፃ ያለ ገደብ ማስቀመጥ ከጁን 2021 ወዲህ ቀርቷል፤ ነፃው 15 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን ከኢሜይሉም ጋር የሚጋሩት ነው። የቤቱን ፎቶ ሁሉ አይችልም። የሠርጉን፣ የሐጁንና የምርቃቱን ምርጥ ምርጥ ፎቶ ብቻ ወደዚያ ሰቀልን። አንዱ ዲስክ እርሳቸው ዘንድ ቀረ፤ ሌላው አዲስ አበባ ወዳገባችው ልጃቸው ሄደ። ዝናብ ጣራውን ቢያፈስስ ወይም ሌባ ቢገባ ሁለቱም ዲስክ አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተገኙ ሁለት መሆናቸው ምን ይጠቅማል?

ፎልደሮቹን በማን አቆጣጠር እንሰይም በሚለው ላይ ከባልደረባዬ ጋር ተከራከርን። እርሷ እንደ ፎቶው መረጃ በአውሮፓውያኑ ይሁን ትላለች። እኔ ግን ፎልደሩን የሚከፍቱት ሐጃ ናቸው ባይ ነኝ፤ ሐጃ ደግሞ «ጃንዋሪ» የሚባል ነገር አያውቁም። በመጨረሻ ፎልደሩ በእኛ አቆጣጠር ሆነ፤ ዓመቱ፣ ከዚያ የወሩ ቁጥር፣ ከዚያ ስሙ፤ «2008-05 ጥር የልጃችን ሠርግ» እንደማለት ነው። ቁጥሩ ባይቀድም ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ሲደረድር ሐምሌ ከመስከረም በፊት ትመጣ ነበር፤ ጳጉሜንም 13 ብላ ያለ ጣጣ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። የፋይሉ ስም ግን እርሷ እንዳለችው ፎቶው በተነሣበት የአውሮፓ ቀን፣ ሰዓትና ሴኮንድ ይጀምራል፤ የካሜራው ቁጥር ከኋላ ይከተላል። ከእንግዲህ ሠርጉና ጅሬን በአንድ ስም አይገናኙም።

ተማሪው ይህን ሁሉ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ሠራ፤ እጁ ፈጣን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የድሮ አመሉ አገረሸበትና ከታች ግራጫ የሆኑትንና የደበዘዙትን ለማጥፋት ፈቃድ ጠየቀኝ። ሐጃን ጠይቅ አልሁት። ሐጃ አንዱን ግራጫ ፎቶ አይተው ከግራጫው በላይ የቀሩት አማታቸው እንደሆኑ ነገሩት፤ ጥያቄውን አልደገመውም። ማንሣት የማይቆጠቡበት ዘመን ነውና የሚጣል ፎቶ የለም አልልም፤ ነገር ግን የሚጥለው ባለቤቱ ነው፤ የሚጣለውም ሁለቱ ቅጂዎች ተገናዝበው ካበቁ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ዲስኩ እንደደረሳት ከየዓመቱ ፎልደር ጥቂት ፎቶ እየከፈተች እንድታይልን ጠየቅናት፤ ደርሷል ማለት ይከፈታል ማለት አይደለምና። ሁሉም ተከፈተላት። ሐጂ የድካማችንን ዋጋ ሳይከራከሩ ከፈሉ፤ ሁለተኛው ዲስክ ግን ተወደደብኝ ብለው እስከ ዛሬ ያነሡብናል።