ኩሬው ዳር ያሳለፍኩት ረፋድ

ወደ ተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራው የሄድኩት ወፎችን ለማየት ነበር። ጎሕ ሲቀድ ገብቼ ወደ ኩሬው በሚወርደው ቀጭን የእግር መንገድ ጥቂት እንደተጓዝኩ፣ ግንደ ቆርቁር የደረቀ ዛፍ ሲደበድብ ሰማሁ። ምቱ ፈጣንና የተያያዘ ስለነበረ ምግብ ፍለጋ አለመሆኑን ገመትኩ፤ ወፉ እንዲህ አከታትሎ የሚመታው ክልሉን ለማስታወቅና ተጓዳኝ ለመጥራት ሲሆን፣ ትል ሲፈልግ ግን ምቱ የተቆራረጠ ነው። አቅራቢ መነጽሬን እስካስተካክል በረረ። አንድ ሰዓት ያህል ድምፁን ተከትዬ ብዞርም ያተረፍኩት የአንገት ሕመም ብቻ ሆነ።

ደክሞኝ ከኩሬው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ሁለት ሜትር የማይሞላ፣ ቢጫ የዱር አበባ የወረሰው ሣር ነበረ፤ የቀረው ረፋድ ያለቀው እዚያው ነው። መነጽሩን ገልብጬ በትልቁ ጫፍ እያየሁ ትንሹን ጫፍ ወደ አበባው ሳስጠጋ እንደ ማጉያ አገለገለኝ፤ አንድ አበባ የመሰለኝም በአንድ ራስ ላይ የተሰበሰቡ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ሆኖ ተገኘ።

በዚህ መሐል ቢጫና ጥቁር መስመር ያላት ነፍሳት አየር ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም፣ ንብ መስላኝ እጄን ሰበሰብኩ። ስታርፍ ግን ክንፎቿ እንደ ንብ አራት ሳይሆኑ ሁለት ብቻ መሆናቸውን አየሁ። ለካ መናደፊያ የሌላት ዝንብ ናት፤ ወፎችን የምታታልልበት የንብ መልክ እኔንም አታሎኛል።

እውነተኛዋ ንብ ብዙም ሳትቆይ መጣች። ንቦች ቀለም እንደሚለዩ በሙከራ ያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ነበር። ንብ ቀይ ቀለም ባይታያትም እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለምታይ፣ ለእኛ ወጥ ቢጫ የሆነ አበባ ለእሷ ወደ ማሩ የሚመራ ጠቆር ያለ መሐል ሊኖረው ይችላል። ያችን ንብ ሳያት በእርግጥም ምንም ሳታመነታ ወደ መሐሉ ዘለቀች።

ከዳር ባለው ሸንበቆ ላይ ደግሞ ጀርባው የተሰነጠቀ ባዶ ቅርፊት ተጣብቆ አገኘሁ። የውኃ ተርብ በእጭነቷ ዘመን ከውኃ ሥር ኖራ፣ በመጨረሻ ወጥታ ክንፍ ስታወጣ የምትጥለው ልብስ ነው፤ ሳትቀደድ የቀረች እግር እንኳ ቅርጿን ጠብቃ ነበር።

ደመና ፀሐይዋን ሲጋርዳት አበቦቹ መከደን ጀመሩ፣ ነፍሳቱም ተበታተኑ። ስመለስ ግንደ ቆርቁሩ በመውጫው አጠገብ ካለ ግንድ ላይ፣ ጠንካራ ጅራቱን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ፣ ያለ ምንም መነጽር ይታይ ነበር።