ከረጢቱ ደህና፣ በርበሬው ጡብ

የማሸጊያ ፊልም በሚነፋ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ስሠራ ነው። አንዲት የባልትና ነጋዴ የታሸገ በርበሬ ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። «ልጄ፣ ይሄ በርበሬ ነው ጡብ?» እውነትም በሱቁ መስኮት በኩል የነበረው ገጽ ገርጥቷል፤ ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው አሁንም ደም ይመስላል።

ያሳፈረኝ ሌላ ነገር ነው። ከሦስት ወር በፊት «ፀሐይ አይነካውም» ብዬ ያሳመንኳቸው እኔው ነኝ፤ ፊልሙ ላይ የዩቪ (ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር) መምጠጫ ያለበት ማስተርባች፣ ማለትም ከፕላስቲኩ ጋር የሚቀላቀል እንክብል፣ ጨምረን ዋጋም አስጨምረናቸዋል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የሌሊት ፈረቃውን ነው (ጥፋት ሁሌ እነሱ ላይ ነው የሚላከከው)። መዝገቡን ሳይ ግን የታዘዘው 2 በመቶ ማስተርባች በትክክል ገብቷል። ስህተቱ ራሱ 2 በመቶው ነበር። ቁጥሩን የወሰድኩት 1 ሚሊሜትር ከሚወፍር ግልጽ ንጣፍ ሲሆን የእሳቸው ከረጢት 40 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ነው፣ 25 ጊዜ ይቀጥናል። መቶኛው አንድ ቢሆንም ብርሃኑ በመንገዱ ላይ የሚያገኘው መምጠጫ 25 ጊዜ ያንሳል። «ታዲያ 25 እጥፍ ጨምርበት» እንዳትሉኝ፤ ፕላስቲኩ አይሸከመውም፣ ትርፉ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ዱቄት ይታያል፣ ምግብ በሚነካ ከረጢት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ለማንኛውም ብዬ ሦስት ከረጢት መስኮት ላይ ደረደርኩ፦ መምጠጫ ያለው፣ የሌለው፣ በካርቶን የተሸፈነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱ ግልጾች እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ ገረጡ። የተሸፈነው እንደነበረ አለ። ያኔ ነው የገባኝ። መምጠጫው የሚይዘው የሞገድ ርዝመቱ ከ400 ናኖሜትር በታች የሆነውን፣ ማለትም ዓይናችን የማያየውን ጨረር ነው፤ የበርበሬን ቀለም ግን ዓይናችን የሚያየው ብርሃንም ያጠፋዋል፣ ኦክስጅን ሲያግዘው ደግሞ ይብሳል፣ ከረጢቱ የተሠራበት ቀጭን ፕላስቲክ፣ ፖሊኢትሊን፣ ለኦክስጅን ወንፊት ነው። በርበሬው ከታየ ብርሃን ደርሶታል ማለት ነው።

ይህንኑ ነገርኳቸውና አልሙኒየም ያለበትን ከረጢት አሳየኋቸው። «ገዢ ሳያየው አይገዛም» ብለው እምቢ አሉ። በስንት ክርክር ፊቱ ብርሃን በማያሳልፍ ቀለም ታተመ፣ ከጀርባው ታች ሁለት ጣት የምታክል መስኮት ቀረች። ጭማሪውን መለስንላቸው፤ አለቃዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። የተረፈው ማስተርባች ለችግኝ ቤት ሽፋን በምንነፋው 200 ማይክሮን ፊልም ውስጥ ገባ፤ እዚያ ከፀሐይ የሚጠበቀው ፕላስቲኩ ራሱ ነው።